ቤት ተራራ አይወጣም

«የባቡር ቤት ሰዎች ትናንት አልፈዋል» አለ ነጋሪት፣ ብስክሌቱን በማረፊያ ቤቱ ጠባብ በር እየገፋ ሲያወጣ።

ትናንትም «ትናንት አልፈዋል» ብሎ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም። በእሱ ወሬ የተሄደ እንደሆነ የባቡር ቤት ብስክሌተኞች ሥራ ፈተው ያንን ተራራ በየቀኑ ሲወጡ በየቀኑ ሲወርዱ ነው የሰነበቱት። መጀመሪያ ሲያወራ ሦስት ነበሩ። በማግስቱ ስድስት አደረጋቸው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከፊታቸው ጡሩንባ ነፊ አስቀድሞላቸዋል።

«ነገ ሚስቶቻቸውንም ጨምርላቸው፤ ብርድ ነው» አለችው ጉጠት ከኋላው፣ የብስክሌቷን ካቴና በጣቷ እየፈተሸች።

ነጋሪት ሥራው ጋዜጣ ጸሐፊነት ነው፤ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። ነጋሪት የሚጮኸው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው ብላ። እሱም ብድሩን አላሳደረም፤ የያዘችውን አትለቅም ብሎ ጉጠት አላት። ስሙ ተስማማት እንጂ አላናደዳትም። የአባቷ ዓይን ደክሞ የብስክሌት ጥገና ቤቱ በእጇ ከወደቀ ጀምሮ ጉጠትና መዶሻ ይዛ ነው የኖረችው። የተጣመመ ቸርኬ አቃንቶ፣ የላላ ራጅ፣ የቸርኬውን ቀጭን ሽቦ፣ ወጥሮ እንደ እሷ የሚመልስ ሰው በከተማው አልነበረም። የጉዞው መሪ ሻለቃውም ሴት ይዞ ለመውጣት የተስማማው ሌላ ሰው ፈልጎ ስላጣ ብቻ ነው፤ ይህንኑ ደግሞ ፊት ለፊቷ ነግሯታል። እሷም «እኔም ሌላ ሻለቃ ስላጣሁ ነው» ብላዋለች።

ብስክሌት ገና ብርቅ የነበረበት ዘመን ነው፤ በቅሎ አይታው ደንብራ ጭነት የምትጥልበት፣ ሽማግሌ ቆሞ የሚያማትብበት። ከተራራው ማዶ ያለውን ፖስታ ማን ያመላልስ በሚለው ነገር ፖስታ ቤቱና የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሲካሰሱ ከርመው፣ ሚኒስትሩ አንድ ፍርድ ሰጡ። ሁለቱም ብስክሌተኞቻቸውን በየፊናቸው ይላኩ፤ ማዶ ካለው የቴሌግራፍ ጣቢያ ቀድሞ ደርሶ በያዘው የጉዞ መዝገብ ላይ ማኅተም ያስመታ መንገዱን ይውሰድ። ማኅተም የሚመታው ግን ሁለት ብስክሌተኞች በአካል ቀርበው ጎን ለጎን ሲፈርሙ ነው። ማንም ጓዶቹን ጥሎ ብቻውን እንዳይሮጥ የተበጀ ደንብ ነበር። የቴሌግራፉ ሽቦ ተራራውን በቆላ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ፣ እነሱ ባለፉበት የስድስት ቀን መንገድ አንድም ጣቢያ አልነበረም። በዚያ ሁሉ መንገድ የነበረው የነጋሪት አፍ ብቻ ነው።

ስድስት ነበሩ። ሻለቃው፣ ነጋሪት፣ ጉጠት፣ እርስ በርስ ካልሆነ ከማንም ጋር የማይነጋገሩ ሁለት አማቾች የሆኑ ኮርቻ ሰፊዎች፣ ስድስተኛው ደግሞ የጉጠት ታላቅ ወንድም። ወንድምጋሼ ትለዋለች። ፖስተኛ ነው። ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በየሰፈሩ ሲለይ ጣቱ ከዓይን ይቀድማል፤ ሰው ሥራ ትቶ ቆሞ ያየዋል። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ትሂድ ያለ ሰው በሌለበት ጊዜ፣ አድራሻቸው የጠፋ ፖስታዎችን ማታ ማታ እያመጣ ፊደሉን በዚያ ጣቱ አንድ በአንድ እየጠቆመ ያስቆጠራት እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያወቀችውን ራሷ ነው ያወቀችው፤ በዚህም አትመጻደቅም ብሎ የሚምል የለም። ወንድምጋሼ ባለፈው ዓመት ሳንባውን ታሞ ሁለት ወር ተኝቶ የተነሳ ሰው ነው። እናታቸው ስትሸኛቸው ስለ ብስክሌትም ስለ ፖስታም አንድ ቃል አልወጣትም። ሴት ልጇን ጠርታ በጆሮዋ «እንደወሰድሽው መልሽልኝ» ብቻ ነው ያለቻት።

ሻለቃው ከውስጥ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። ከደረት ኪሱ በሰንሰለት የሚንጠለጠል፣ የኪስ ሰዓት የሚመስል የነሐስ ከፍታ መለኪያ አለው። በወታደርነቱ ዘመን ካርታ ሲያነሳበት ኖሯል። ከሚስቱ ይበልጥ ያምነዋል ይባላል፤ ሚስቱ ጥላው የሄደችውም ለዚሁ ነው የሚሉ አሉ። ክዳኑን ከፍቶ ሁሉም እንዲሰማው አነበበ። መርፌው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሜትር ይላል። ማታ ሲገቡ ሦስት ሺህ ሰባት መቶ አርባ ነበር፤ ያን ጊዜ ደክሞት ሳይሳሳት አልቀረም። ማለፊያው አራት ሺህ ላይ ስለሆነ የቀራቸው መቶ ሃያ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ካባው፣ ብርድ ልብሱና ድንኳኑ ጓዛቸውን በምትሸከመው በቅሎ ላይ ሆኖ በቆላው መንገድ ዞሮ ይምጣ፤ ቀለል ብለው ከሄዱ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ማለፊያው ላይ ናቸው።

ጉጠት ካቴናውን ለቀቀችው።

«ሻለቃ፣ ይህ ቤት ማታ የት ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እዚሁ ነበር። ቤት ተራራ አይወጣም። እኛም ተኝተን አልወጣንም። መርፌው የወጣው አየሩ ስለቀለለ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። ጥገና ቤቷ ውስጥ እንዲህ ያለ መለኪያ ፈትታ አይታለች። በሆዱ ውስጥ አየር የሌላት አንዲት የተዘጋች ቀጭን ቆርቆሮ አለች፤ አየር ሲጫናት ትሰረጉዳለች፣ ሲቀልላት ትነፋለች። ቆርቆሮዋ ተራራ የሚባል ነገር አታውቅም። ሰው ቁጭ ባለበት አየሩ በአንድ ሌሊት እንዲህ ከቀለለ፣ ከኋላው የሚመጣ ከባድ ነገር አለ። ካባውን የሚሰጡ ከሆነ ሬሳ መገነዣም አብረው ያዝዙ።

ኮርቻ ሰፊዎቹ ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ብሩህ ነበር፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

«አንቺ ልጅ» አለ ሻለቃው፣ «እኔ በዚህ መለኪያ አሥራ አንድ ተራራ ለክቻለሁ።»

«በበጋ» አለችው።

እውነቷን ነበር፤ ካርታ ሰው በዝናብ ወራት አያነሳም፤ በበጋ አየሩ ከሳምንት ሳምንት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ መርፌው ዋሽቶት አያውቅም ነበር። ለአንድ አፍታ ነገሩ በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየችው። ታዲያ ነጋሪት ከወዲያ፣ ጋዜጣውም ላይ ወጥቷል እኮ፣ የባቡር ቤት ሰዎች ዛሬ ከሰዓት ማኅተሙን ያስመታሉ አለ፤ በሦስተኛው ቀን የፖስታ ጋሪ ያመጣለትን፣ በቅባት ጨርቅ ጠቅልሎ የያዘውን የጋዜጣ ጥቅል በእጁ መታ መታ እያደረገ። ሻለቃው ክዳኑን ገጭ አድርጎ ዘጋው።

«ፍሬንሽን አጥብቂ» አላትና ወጣ።

ወንድሟ አጠገቧ መጥቶ ሳቅ አለ። ተዪው ጉጤ፣ ትእዛዝ ነው አላት። ትእዛዝ ሲሉት እንደ እሱ የሚቆም ሰው አልነበረም፤ የምትወድለትም የምትጠላበትም ይህንኑ ነው። ካባውን አጣጥፎ በበቅሎዋ ላይ ሲያኖር አየችውና ጥርሷን ነከሰች። የራሷን ሸራ ግን የመሣሪያ መጠቅለያ ነው ብላ ከመሣሪያ ከረጢቷ አልለየችውም። ገመዱንና የሽቦ ጥቅሉንም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ሰዓት ሙቀት ነበረው፤ ያላግባብ የሆነ፣ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ እንደመጣል ያለ ሙቀት። ሁለቱ አማቾች ሸሚዛቸውን ከፈቱ። ከዚያ ነፋሱ ቀጥ አለ። ወፍ ዝም አለ። ከተራራው ትከሻ ላይ ጥቁር ነገር ወረደና መንገዱን እንደ በር ዘጋባቸው።

መጀመሪያ ዶፍ ነበር፤ ቀጥሎ በረዶ ቀላቀለ፤ ቀጥሎ ዝናቡ ቀርቶ በረዶው ብቻ ሆነ። ከላይ አይወርድም፤ ከጎን ነው የሚመጣው። ጭቃው በጎማና በጭቃ መከላከያው መካከል ገብቶ ደረቀ፤ ቸርኬ መዞሩን ትቶ እንደ ወንበር እግር ተጎተተ። ጉጠት ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጠች በመፍቻ ጫፍ ስትፈለፍል፣ የመጨረሻውን ጨርሳ ቀና ስትል የመጀመሪያው እንደገና ተይዟል። የካቴናው ቅባት እንደ ሻማ ረጋ። የፍሬኑ ቆዳ ላይ በረዶ መስታወት ሆኖ ስላረፈበት ቢጨብጡትም ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ወንድሟ ማሳል ጀመረ። እሷ ሳሉን ትቆጥር ነበር፤ ሌላ ምን ታድርግ።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሻለቃው እጁን አንስቶ አስቆማቸው። መለኪያውን ከፍቶ በመዳፉ ከልሎ አየ። አራት ሺህ ይላል።

«ደርሰናል» አለ።

ከፊታቸው መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ ጉሙ ውስጥ ይሄድ ነበር። መርፌው ደርሷል፤ መንገዱ ግን አልሰማም። ኮርቻ ሰፊዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእርስ በርስ ውጭ ሰው አናገሩ፤ ታላቁ «እንመለስ ሻለቃ» አለ። ጉጠት ሰው ልክ ሆኖ እንዲህ የሚናደድበት ጊዜ አለ ብላ አታውቅም ነበር፤ ደሟ ከጥርሷ ሥር እስከሚመታ ድረስ። ሻለቃው የባቡር ቤት ሰዎችን ስም ጠራና ገፋ። የቀሩትም ተከትለው ገፉ።

ማለፊያው ላይ የደረሱት ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ብስክሌት ገፍተው፣ አንዳንዴም ተሸክመው። ጫፉ ላይ የድሮ ኬላ ቤት አለ፤ ሦስት ግድግዳ እንጂ ጣሪያ የለውም። ጉጠት ማንንም ሳትጠይቅ ብስክሌቶቹን በአራተኛው ግድግዳ ቦታ ገልብጣ ደረደረች፣ ሸራዋን ከላይ ወጥራ በሽቦ አሰረች፣ የካርባይድ ፋኖሷንም ከሥር ለኮሰች። ትንሽ ናት እንጂ ሙቀት ነበራት። እዚህ ተኮራምተው በረዶው እስኪያልፍ ቢቆዩ ስድስቱም እንደሚተርፉ ያን ጊዜ እርግጠኛ ነበረች።

ሻለቃው አልገባም። ሁለት ፊርማ ነው የሚያስፈልገው አለ። እሱና ፖስተኛው ቀድመው ይወርዳሉ፤ ሌሎቹ አየሩ ሲሻል ይከተላሉ። ከሁሉም ፈጣኑ ፖስተኛው ነው፣ መንገዱም የመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው።

ጉጠት ሄዳ የወንድሟን የፊት ጎማ በሁለት እግሯ መካከል አስገብታ ቆመች።

«እኔን ይውሰዱ» አለች። «ሳንባዬ ሙሉ ነው። መፈረምም እችላለሁ።»

«ያንቺ ፊርማ በመዝገቡ አይታወቅም። አንቺ ዕቃ ነሽ።»

ክፉ አስቦ አልነበረም፤ በመዝገቡ ላይ ስሟ በእርግጥ ከዕቃዎቹ ጋር፣ ከትርፍ ጎማውና ከውስጥ ጎማው፣ ከካላማዳሪያው፣ በታች «ጠጋኝ፣ አንድ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ያም ሆኖ መፍቻው እጇ ላይ ነበር፤ ሻለቃውም እጇን ሲያይ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ብሏል።

ወንድሟ ነው መሃል የገባው። በሹክሹክታ፣ የሳለበትን አፍ በክንዱ እየጠረገ፣ «ጉጤ፣ ፖስታ ዝናብ ነው ብሎ ቀርቶ ያውቃል? ልቀቂኝ» አላት። ትለቀው ነበር ወይ? ስሟ ጉጠት ነው። ግን ያን ጊዜ ፊቱ ሊቆጣት ሲሞክር ከንፈሩ ደግሞ ሊስቅ ሲል አየችና እግሯን አነሳች። ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ሙሉ ስለዚያ እግር አስባለች።

ካልቀረ ብላ ያላትን ሁሉ አደረገችለት። ነጋሪትን የጋዜጣ ጥቅሉን አምጣ አለችው። ማስረጃ ነው ብሎ በደረቱ ሲይዘው ከእጁ ነጥቃ፣ ሦስቱን ከወንድሟ ሸሚዝ በታች በደረቱና በጀርባው ከተተችበት፤ ወረቀት ነፋስ አያሳልፍም። የራሷን የሱፍ ጓንት በእሱ ጓንት ላይ ደረበችለት። ከኬላው ኋላ ካለው ቁጥቋጦ ትልቅ ጭራሮ ቆርጣ አሰረችና ከኮርቻው ሥር በሽቦ ጠመዘዘችው። ፍሬን ሲከዳ ከኋላ የሚጎተት ጭራሮ ፍሬን ይሆናል፤ አባቷ ያስተማራት ነው። ሽቦውን በጉጠቷ አምስት ዙር ጠመዘዘችው፤ እንዳይፈታ፣ ምንም ቢመጣ እንዳይፈታ። ለሻለቃውም ሁለተኛ ጭራሮ ልትቆርጥ ስትል፣ እኔ እንጨት ጫኝ አህያ አይደለሁም አላትና ወጣ። አህያ ቢሆን ኖሮ በዚህ ቀን ከቤቱ አይወጣም ነበር ስትል ሳይሰማት ቀረ፤ ወይም ሰምቶ ተወው።

ሁለቱ በጉሙ ውስጥ ገብተው ጠፉ። የጭራሮው ድምፅ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

ከሸራው ሥር ተጠጋግተው ተቀመጡ። ነጋሪት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨም ነገሩን አልተወም፤ የባቡር ቤት ሰዎች ይሄኔ ሻይ እየጠጡ ይሆናል አለ። ጉጠት የቀረውን ጋዜጣ ለኮርቻ ሰፊዎቹ ልታድል ጥቅሉን ፈታችው። የተለያየ ቀን ጋዜጣ የመሰላት ሁሉ የአንድ ቀን አንድ ጋዜጣ ነው። ተመሳሳይ እትም፣ ተመሳሳይ ገጽ። ፋኖሷን ጠጋ አድርጋ አነበበች፦ «ከመንገድ ላይ ያለው ዘጋቢያችን እንደጻፈልን፣ የባቡር መሥሪያ ቤት ብስክሌተኞች በሰፊ ርቀት እየመሩ ነው።»

ቀና ብላ አየችው።

«ከመንገድ ላይ ያለው ዘጋቢ ማነው?»

ነጋሪት በረዶውን አየ።

«አንተ ነህ። በመጀመሪያው ቀን ጽፈህ በፖስታ ጋሪ ላክህ፣ እነሱ አተሙት፣ አንተ ደግሞ ‹ጋዜጣ ላይ ወጥቷል› ብለህ አመጣኸው። የገዛ ጩኸትህ ገደል ማሚቶ ሆኖ ሲመለስ ምስክር አገኘሁ አልክ። ላንተስ ማን ነገረህ?»

አንድ በቅሎ ነጂ ነው አለ። በቅሎ ነጂውም በትክክል ምን አለህ ስትለው፣ ድምፁ ከነጋሪትነቱ ወርዶ ተናገረው። ሰውየው ያለው፣ ሳይቀድሟችሁ አይቀሩም ነው። ምናልባትም ብሏል። እኔ ምናልባቱን ብቻ ነው የተውኩት አለ።

ትመታዋለች ብለው ኮርቻ ሰፊዎቹ ተጠባበቁ። አልመታችውም። ጋዜጣውን አጣጥፋ በሸሚዙ ውስጥ፣ በባዶ ደረቱ ላይ ከተተችበትና ቁልፉን እስከ አንገቱ ዘጋችለት። «ሙቀው» አለችው። «ሰው ያስገደለ ወሬ ቢያንስ ሰው ያሙቅ።» ከዚያ በኋላ ነጋሪት እስከ ማዶ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ደከመ። ጉጠት ራሷን ጨምራ አራቱን በገመድ ወገባቸው ላይ አሰረች፣ ለየብስክሌቱ ጭራሮ ቆረጠች፣ ብስክሌት ላይ የሚወጣ ሰው ካለ እግሩን እንደምትሰብርለት ነገረችና በእግር እየገፉ ወረዱ። ሻለቃ ሆና ነበር፤ ያስተዋለው ግን የለም፤ እሷም ጭምር።

የወንድሟ ጭራሮ በበረዶው ላይ የተወውን ፋና ተከተሉ። መልካም ፋና ነበር፤ ቀጭን፣ የተረጋጋ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሄደበት። የሻለቃው ጎማ ከጎኑ ይሄድና በየመታጠፊያው ይንሸራተታል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የሻለቃው ፋና ቀጥ ብሎ ከመንገዱ ወጣ። ከታች፣ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ብስክሌቱ በድንጋይ መሃል ተጣምሞ ወድቋል፤ ቆቡ ከጎኑ። ሰው ግን የለም። ወደ ላይ የተጎተተ የሰው ገላ ምልክት አለ። የወንድሟ ብስክሌት እመንገዱ ዳር በሥርዓት ተደግፎ ቆሟል፤ ጭራሮው የለበትም። ከዚያ ወዲያ ፋናው ሌላ ሆነ፤ ሰፊና ጥልቅ፣ ጭራሮው እንደ ቃሬዛ ከባድ ነገር ተጭኖበት በሰው ትከሻ የተጎተተበት።

ከኮርቻው ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ሽቦው ተቀምጧል። ተቆርጦ አይደለም። አምስቱም ዙር አንድ በአንድ ተፈቷል። እሷ በጉጠት የጠመዘዘችውን እሱ የሚፈታበት ጉጠት አልነበረውም። ድርብ ጓንት አድርጎም ቀጭን ሽቦ አይያዝም። አነሳችውና ጫፉ ላይ የተጣበቀውን ቆዳ አየች። ወደ ኪሷ ከተተችው፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም። የቀረውን መንገድ ሮጠች፤ ገመዱ ሦስቱን ወንዶች ከኋላዋ ሲጎትታቸው።

የቴሌግራፍ ጣቢያው አንድ ክፍል ነው፤ ምድጃ፣ ጠረጴዛ፣ የሚንጣጣ የነሐስ መሣሪያ፣ ከሥሩ ተደርድረው የቆሙ የባትሪ ብርጭቆዎች። ቴሌግራፈኛው የሸሚዙ እጅጌ እንዳያድፍ ጥቁር እጅጌ ያጠለቀ፣ ነገር ሁሉ በመስመሩ ካልሆነ የማይወድ ሰው ነው። ሚስቱ ተንበርክካ የወንድሟን እጆች ለብ ያለ ውሃ ባለበት ገበታ ውስጥ ይዛ ነበር። የግራው ቀልቷል፤ የሚቀላ ይተርፋል አለች ሴትየዋ። የቀኙ ሦስት ጣቶች እንደ ሻማ ነጭ ነበሩ፤ ከጥፍራቸው ሥር ደግሞ መጥቆር ጀምረዋል። ደብዳቤ የሚለዩት ሦስቱ። ፊደል የሚጠቁመውም አንዱ እዚያው ውስጥ ነው።

ሲያያት ሳቀ።

«ጠበቅ አድርገሽ ነው ያሰርሽው፣ ጉጤ።»

ደረቱ ላይ ያለውን ጋዜጣ አንድ በአንድ ታወጣለት ጀመር፤ ውስጡ ደረቅ ነበር፤ ሳሉም አልባሰበትም። ሳንባውን ጠብቃለታለች። እናቷ ስትቆጥር ግን ከሳንባ አትጀምርም፤ ከጣት ነው የምትጀምረው፤ እናት ሁሉ አራስ ልጇን እንዲሁ ነው የምትቆጥረው።

መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ይደርቅ ነበር። ማኅተሙ ክብ፣ ቀይ፣ ያልተንሻፈፈ። ከሥሩ የሻለቃው ፊርማ አለ፤ በስብራት ሕመም ውስጥም ሆኖ ጅራቱን አሳምሮ ነው የፈረመው። ከጎኑ፣ የወንድሟ ፊርማ መሆን በነበረበት ቦታ፣ የአውራ ጣት አሻራ። ብዕሩን መያዝ ስላቃተው፣ አለ ቴሌግራፈኛው፣ ደንቡ ፊደል ለማያውቅ ሰው እንደሚፈቅደው አደረግን።

ሻለቃው በጥጉ ባለው አልጋ ላይ እግሩ በሁለት እንጨት ታስሮ ተኝቷል። ወደ ግድግዳ ዞሮ ነበር። ወንድሟ አንስቶ በበረዶ ውስጥ የጎተተው ያ ትከሻ እንኳ አሁን የሚያዝዝ ሰው ትከሻ አይመስልም። ብዙ የምትለው ነበራት፤ ከማለፊያው ጀምሮ በልቧ ደርድራው የመጣች፣ እያንዳንዱ ቃል የተሳለ። ከአልጋው አጠገብ ሄዳ ቆመች።

ያን ጊዜ ቴሌግራፈኛው መሳቢያውን ከፍቶ የታሸገ ፖስታ አወጣና፣ አሁን ባለቤቱ በፊርማው ስለታወቀ ማስረከብ ይቻላል አለ። ለሻለቃው ከፖስታ ቤቱ የመጣ ቴሌግራም ነው፤ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ መጥቶ እንዳይወስደው ለራሱ እጅ ብቻ ይሰጥ ስለሚል ማንም አልነካውም፤ ተቀብሎ የጻፈው ቴሌግራፈኛውም ቢሆን ያወቀውን መናገር ደንቡ አይፈቅድለትም። ሻለቃው እጁን ዘረጋና መልሶ ተወው። መነጽሩ ከድንጋዩ ሥር ቀርቷል።

«አንቺ ልጅ» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «አንብቢልኝ።»

ቀደደችው። መጀመሪያ ያየችው ቀኑን ነው፤ ከአራት ቀን በፊት የደረሰ። ከዚያ፣ ወንድሟ በጣቱ እየጠቆመ እንዳስተማራት፣ ቃሉን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፦

«የባቡር ቤት ሰዎች በሁለተኛው ቀን ጉዞውን ትተው ተመልሰዋል። ተፎካካሪ የለም። መንገዱ የእናንተ ነው። አየሩ ከከፋ ቆዩ፤ በዝግታ ኑ።»